ጎረቤት የሚያየውና የማያየው፦ ከባድ የአእምሮ ሕመምን የመለየትና የመርዳት ታሪክ በኢትዮጵያ

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የአርትዖት ሥራ ተሠርቶበታል።)



እንደምታውቁት ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ዛሬ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ለመናገር የደፈርኩት ሕመሙን ላስተምራችሁ አይደለም። ሕመሙን ማን አየው፣ በምን ስም ጠራው፣ ካየውስ በኋላ ምን አደረገ የሚለው ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ በመሆኑ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ስል ስኪዞፍሬኒያን፣ ባይፖላርን፣ እንዲሁም ሰውን ከሥራውና ከወገኑ የሚለይ ጽኑ ድባቴን ማለቴ ነው። ዘመናትን ስጠራም ዓ.ም. ብዬ ካልገለጽኩ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ከራሴ ቤት ልነሣ። ባደግሁበት የገጠር ቀበሌ ሁለት ሕሙማን ነበሩ። አንደኛው አገር በሙሉ «እብዱ» የሚለው ጎልማሳ ነበር። በገበያ ቀን ልብሱን ጥሎ ይሮጣል፤ ከማይታይ ሰው ጋር ይሟገታል። ወንድሞቹ አንዳንዴ በጠፍር ያስሩታል፤ በጾም ወራት ደግሞ ጠበል ይወስዱታል። ከእኛ ከልጆቹ ጀምሮ እስከ ሽማግሌዎቹ ድረስ መታመሙን የማያውቅ አልነበረም። ሁለተኛዋ የአባቴ እህት ናት። አክስቴ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ንግግር ቀነሰች፤ ቀጥሎም ከቤት መውጣት ተወች። ከጓዳው ጥግ ተቀምጣ ትውላለች፤ ካልጎረሷት አትበላም። እርሷን ማንም «ታመመች» ብሎ አያውቅም። «ሆድ ባሻ ሆነች»፣ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «ድሮም ሰነፍ ነበረች» ይባል ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖራ፣ አንድ ክረምት ሳል ያዛት። ያው እንደ ልማዷ ተኝታለች ተብሎ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ በአራተኛው ቀበርናት።

ዛሬ ተነሥቼ ለአክስቴ ሕመም የምርመራ ስም አልሰጥም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ያው ቀበሌ፣ ያው ጎረቤት፣ ያው ዓይን አንዱን ሲያይ ሌላዋን ለምን ሳያይ ቀረ? ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ዘወትር የሚሰማው «ሕዝቡ ስለ አእምሮ ሕመም ግንዛቤ የለውም» የሚል ነው። ታሪኩን ስመረምር ግን ይህ አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ማኅበረሰባችን ከባድ የአእምሮ ሕመምን ያያል፤ ነገር ግን የሚያየው ዘግይቶና መርጦ ነው። ምላሹ ደግሞ ከእውቀቱ ይልቅ እጁ ላይ ባለው ነገር ይወሰናል። የዛሬው ገለጻዬ ይህንን ለማስረዳት የሚሞክር ነው።

፩. ስሞቹ

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ቃል አላነሰውም። አበደ፣ ቀወሰ፣ ጀዘበ፣ ለከፈው፣ ነካ ያደርገዋል እንላለን። እነዚህን ቃላት በጥንቃቄ ብናያቸው ሥራ ተከፋፍለዋል። «አበደ» የምንለው በአደባባይ ለሚደረግ ነገር ነው፤ መጮህ፣ መሮጥ፣ መደባደብ፣ ራቁት መሄድ። «ልክፍት» ስንል ግን ስለ ምክንያቱ መናገራችን ነው፤ ከውጭ የመጣ ኃይል አለ ማለታችን ነው። ማድረግ የሚገባውን ማድረግ ላቆመ፣ ዝም ላለ፣ ለተኛ፣ ለደነዘዘ ሰው ግን ቋንቋችን በአመዛኙ የሕመም ስም አይሰጠውም፤ የጠባይ ስም ይሰጠዋል። ሰነፍ፣ ዝምተኛ፣ ግዴለሽ ይባላል።

ይህ የእኔ የቃላት ትንታኔ ብቻ አይደለም። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ1999 ባሳተሙት ጥናት በቡታጅራ አካባቢ አንድ መቶ ቁልፍ መረጃ ሰጪዎችን፣ ማለትም አካባቢያቸውን በሚገባ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። የሰባት ሕመሞችን ምልክት በአጫጭር ታሪክ መልክ እያቀረቡ የትኛው ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥም፣ የትኛው ከባድ እንደሆነ፣ እርዳታስ ከየት እንደሚፈለግ አወያዩአቸው። ስኪዞፍሬኒያን የሚገልጸው ታሪክ ከሁሉ የከፋ ችግር ተብሎ ተፈረጀ። የአእምሮ ሕመም መለያ ተብለው በብዛት የተጠቀሱት ደግሞ ለፍላፊነት፣ ጠበኝነትና እንግዳ የሆነ ጠባይ ናቸው። ጽኑ ድባቴን የሚገልጸው ታሪክ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነገር ሆኖ ታየ። ይህን ውጤት ሳነብ አክስቴ ከጓዳው ጥግ ትዝ አለችኝ። የአካባቢው ሰው የእርሷን ዓይነት ሰው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ በሕመም መዝገብ ላይ አላስቀመጣትም እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ለሴቶች ጭንቀት ማኅበረሰቡ ጨርሶ ቦታ አልነበረውም ማለት ስሕተት ይሆናል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት ሲመዘግብ፣ በዙሪያው ያገኛቸው በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግም በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የዛርን ስብስብ እንደ አንድ የቡድን ሕክምና ተመልክቶታል። በዛር ቤት አንዲት ሴት ለጭንቀቷ ስም ታገኛለች፤ ከስሙ ጋርም ሰሚ፣ ወዳጅና የምትከውነው ሥርዓት ይመጣላታል። እንግዲህ የሴቶቹ ጭንቀት ታይቷል፤ የታየው ግን «እብደት» በሚለው ስም አልነበረም። ወደፊት እንደምናየው፣ አንድ ጠያቂ መጥቶ «በዚህ ሰፈር የአእምሮ ሕመምተኛ አለ?» ሲል፣ መልስ ሰጪው የሚቆጥረው በዚያ ስም የሚጠራውን ሰው ብቻ ነው።

፪. ሕጉና ገመዱ

ከቃላት ወደ ሰነድ ልለፍ። ለታሪክ ተማሪዎች ዘወትር የማሳየው አንድ ሰነድ አለ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ መሆናቸው ይታወቃል። ሕጉ አእምሮው የታወከ ሰው የፈጸመው ውል ወይም ሌላ ሕጋዊ ተግባር እንዳይጎዳው ለመጠበቅ ይሻል። ነገር ግን ሰውየው መታወኩን ፍርድ ቤት በምን ያውቃል? ሕጉ «መታወኩ በግልጽ የታወቀ» የሚባልበትን ሁለት መንገድ አስቀመጠ።

አንደኛው በአንቀጽ 341 የተጻፈው ነው። ሰውየው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመሰል ተቋም ተኝቶ የሚገኝ ከሆነ፣ እዚያ እስካለ ድረስ ሕመሙ የታወቀ ነው። ሁለተኛው በአንቀጽ 342 ይገኛል፤ ለገጠሩ የተጻፈ ነው። ነዋሪዎቹ ከሁለት ሺህ በሚያንሱበት አካባቢ፣ ቤተ ዘመዶቹ ወይም አብረውት የሚኖሩ ሰዎች የአእምሮው ሁኔታ የሚጠይቀውን ጥበቃ የሚያደርጉለትና በዚሁ ምክንያት እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ የከለከሉት ከሆነ፣ ያ ሰው ሕመሙ የታወቀ ነው ይላል።

ይህን አንቀጽ ቆም ብላችሁ አስቡት። የሕጉ አርቃቂ የአገሪቱን ሁኔታ በሚገባ ተረድቶ ነበር። ለከተማው የሕመም ምስክር ሆስፒታሉ ነው፤ ለገጠሩ ምስክሩ የቤተሰቡ ጥበቃና ገደብ ነው፤ በተግባር ደግሞ ብዙ ጊዜ ገመዱ። ሕጉ ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። ሆስፒታል በሌለበት አገር የዘመድን ምስክርነት ዋጋ መስጠቱ ለታማሚው ጥበቃ ነበር። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ የማኅበረሰቡ እውቀት በመንግሥት ሰነድ ላይ እውቅና ያገኘው በሰውየው ነፃነት መገደብ በኩል ነው። ያልታሰረና ያልተጠበቀ ሰው፣ ለምሳሌ ከጓዳ የማትወጣ ሴት፣ በዚያ አንቀጽ ዓይን ሕመሟ አልታወቀም።

ቤተሰብ ለምን ያስራል? በቅርብ ዓመታት በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች የቤተሰቦችን ቃል ሰብስበዋል፤ መልሱ ጭካኔ አይደለም። ታማሚው ወደ ገደል እንዳይሄድ፣ በጅብ እንዳይበላ፣ ሰው እንዳይመታና ሰው መልሶ እንዳይገድለው ያስሩታል። አርሶ ማደር ስላለባቸው ያስሩታል። ጠበል ወይም ሐኪም ዘንድ እስኪያደርሱት ያስሩታል። ማሰሩ ሕመሙ በመታወቁ የመጣ ነው፤ ታውቆም ሌላ መንገድ በመጥፋቱ የመጣ ነው።

፫. ሐኪሙ ወደ መንደር ሲወርድ

በዚያን ዘመን አገሪቱ የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል አንድ ብቻ ነበር፤ በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተውና አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል። ለብዙ አስርት ዓመታትም ብቸኛ ሆኖ ቆየ። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከሲዳሞ ታማሚውን አስሮ አማኑኤል ለማድረስ በሬ የሸጠ ቤተሰብ ስንት እንደሆነ መዝገብ የለንም፤ ወግ ግን አለን።

በ1960ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ያስተምር የነበረው ኔዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል፣ ታማሚው ወደ ሆስፒታል እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ሰዉ ወረደ። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በአንዲት ትንሽ ከተማና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር የአእምሮ ሕመምን መጠን አጠና፤ ውጤቶቹ በ1969 እና በ1970 ታተሙ። ከዚያ በፊትም በ1968፣ ያን ጊዜ ግዮን በምትባለው በወሊሶ ይካሄድ ስለነበረው የጠበልና የጸሎት ፈውስ ጽፎ ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያው የአእምሮ ሐኪም ተብለው የሚታወቁት ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህም ከጊል ጋር በ1970ዎቹ አጋማሽ የአንድ ካህንንና የአንድ ሼህን የፈውስ ሥራ ጎን ለጎን አጥንተዋል። እነዚህ ሰዎች ያነሡት ጥያቄ ዛሬም ያልተዘጋ ነው። ሕመምተኛው ቀድሞ የሚደርሰው ጠበል ቦታና ሼህ ዘንድ ከሆነ፣ ሐኪሙ ከእነርሱ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት ሊኖረው ይገባል?

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ ቡታጅራ ላይ ተወሰደ። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በመተባበር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን መሠረቱ፤ በዶክተር ደስታ ሻሜቦ መሪነት ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ በቋሚነት ይቆጠሩ ጀመር። ልደት፣ ሞትና ስደት በየጊዜው የሚመዘገብበት አካባቢ ተፈጠረ። የአእምሮ ሕመም ጥናት ሥር የሰደደው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

፬. ስልሳ ስምንት ሺህ ሰዎች

ከ1998 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ፕሮፌሰር ደረጀ ከበደ፣ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ወረዳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን መረመሩ። ይህ ቁጥር በገጠር አፍሪካ ቀርቶ በበለጸጉ አገሮችም የሚያስደንቅ ነው። ሁለት ዘዴዎችን ጎን ለጎን ተጠቀሙ። የመጀመሪያው ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያቀርቡት ዓለም አቀፍ መደበኛ ቃለ መጠይቅ ነው። ሁለተኛው የአካባቢውን አዋቂዎች «እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው ታውቃላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በሁለቱም መንገድ የተጠቆሙትን ሐኪሞች መረመሯቸው።

ሁለቱ ዘዴዎች ሲነጻጸሩ የተገኘው ውጤት ለዛሬው ጉዳያችን ዋነኛ ማስረጃ ነው። ስኪዞፍሬኒያን በማግኘት ረገድ ጎረቤት ከመደበኛው መጠይቅ የተሻለ ሆነ። ባይፖላርን በማግኘት ረገድ ደግሞ መጠይቁ በለጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ሥር የሰደደበት ሰው ብዙ ጊዜ ከጠያቂ ጋር አይነጋገርም፤ ቢነጋገርም «ድምፅ ትሰማለህ?» ሲባል «የለም» ሊል ይችላል። ጎረቤቱ ግን ለዓመታት አይቶታል። ባይፖላር ያለበት ሰው በበኩሉ በሕመሙ መካከል ጤነኛ ሆኖ ይቆያል፤ ያለፈውን በራሱ አንደበት ሊናገር ይችላል፤ ጎረቤት ግን «ያኔ ተቆጥቶ ነበር» ብሎ ረስቶታል። አንዱ ዘዴ የሳተውን ሌላው አገኘ። የማኅበረሰቡ እውቀት እንደ ሳይንስ መሣሪያ ሆኖ ሲያገለግል በዚህ ስፋት ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ሆኖም ያው ጥናት የዚህን ዓይን ድንበርም አሳየን። ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው ከተረጋገጡት 321 ሰዎች ውስጥ 83 በመቶ ያህሉ ወንዶች ነበሩ። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በወንድና በሴት መካከል የሚታየው ልዩነት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የሕክምና ሊቃውንት ለዚህ ልዩ ልዩ ማብራሪያ ያቀርባሉ፤ በዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። እንደ ታሪክ አንባቢ ግን አንድ ጥያቄ አነሣለሁ። በአደባባይ የማትሮጥ፣ በገበያ የማትጮህ፣ ከቤት ውስጥ ሥራ ያቆመች ሴት በማን ዓይን ትቆጠራለች?

ሌላው ቁጥር የበለጠ ያሳዝናል። ከእነዚህ 321 ሰዎች መካከል ከጥናቱ በፊት የሳይኮሲስ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከአሥር በመቶ ያነሱ ነበሩ። ጎረቤት ያውቃቸው ነበር፤ በጥያቄ ጊዜ ስማቸውን ጠርቶ ጠቁሟቸዋል። እውቀቱ ስለነበረ ግን መድኃኒት አላገኙም። «ግንዛቤ የለም» የሚለውን አባባል ግማሽ እውነት ያልኩት ስለዚህ ነው።

፭. «በእኛ ዘንድ የለም»

ከቡታጅራ ወደ ደቡብ እንውረድ። በዚያው ዘመን ተመራማሪዎች በቦረና አርብቶ አደሮች መካከል ተመሳሳይ ዳሰሳ አድርገው ነበር። ውጤቱ እንግዳ ሆነባቸው፤ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሊያገኙ አልቻሉም። ይህ ቢሆን ኖሮ በዓለም የሕክምና ታሪክ ትልቅ ዜና በሆነ ነበር። ከዘመናዊ ኑሮ የራቀ፣ ከብቱን ተከትሎ የሚኖር ሕዝብ ከከባድ የአእምሮ ሕመም ነፃ ነው የሚል ሐሳብ ለአንዳንድ ሰው ደስ የሚል ተረት ነው።

ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው ግን በውጤቱ አልረኩም፤ ተመልሰው ሄዱ። በዚህ ጊዜ መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት ከመዞር ይልቅ ከማኅበረሰቡ መሪዎች ጋር ተቀምጠው ተወያዩ። በእናንተ ዘንድ «ማራታ» የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው? ምን ያደርጋል? ምን ሲያደርግ ነው ቤተሰብ የሚጨነቀው? ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ በዝርዝር ገለጹላቸው፤ መግለጫቸውም ከሐኪሞቹ አረዳድ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ይበልጥ ያተኮረው ግን በሚታየው ጠባይ ላይ ነው። በዚያው መግለጫ መሠረት እንደገና ሲፈለግ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውም፣ ከስሜት መዛባት ጋር የተያያዘ ሳይኮሲስ ያለባቸውም ሰዎች ተገኙ። ጥናቱ በ2010 ታተመ።

ሰዎቹ ከመጀመሪያውም ነበሩ። የጎደለው ጥያቄው ነበር። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ የምነግረው ስለ አእምሮ ሕመም ብቻ ብዬ አይደለም፤ «በሰነዱ ላይ የለም» ማለት «አልነበረም» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው።

፮. ካወቁ በኋላ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልምጣ። መታወቅ ብቻውን ምን ይጠቅማል?

በ2001 የታተመ አንድ ጥናት በቡታጅራ የታማሚዎችን 178 ዘመዶች አነጋግሮ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ። 37 በመቶ ያህሉ ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። 65 በመቶ ያህሉ ደግሞ ለምልክቶቹ የሚመርጡት መፍትሔ ጸሎት እንደሆነ ገለጹ። እንግዲህ «ሕመሙን ቶሎ ለዩ፣ ቶሎ ተናገሩ» ብለን ብንሰብክ፣ ለቤተሰቡ መናገር ማለት ለልጁ ጋብቻ፣ ለቤቱ ክብር፣ በእድሩ ውስጥ ላለው ቦታ የሚተርፍ ዋጋ መክፈል ነው። ዋጋውን ከፍሎ የሚያገኘው ነገር ከሌለ መደበቁ ሞኝነት አይደለም፤ ስሌት ነው።

የመደበቁ ውጤት ግን ሞት ነው። ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው በ2015 ባሳተሙት ጥናት በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ተከታትለዋል። በዚያ ጊዜ 121 ሰዎች ሞቱ፤ ከአካባቢው ሕዝብ አንጻር ሁለት እጥፍ ያህል ማለት ነው። የሚሞቱትም ሰው ከሚጠበቀው ዕድሜ ወደ ሠላሳ ዓመት ቀድመው ነው። ከሞት ምክንያቶቹ ግንባር ቀደሙ ተላላፊ በሽታ ነበር፤ እንደ ሳንባ ሕመም ያለ፣ ለሌላው ሰው በጤና ጣቢያ የሚታከም ነገር።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበብኩት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ጨርሼ ብዙ ጊዜ ሳልነሣ ተቀመጥኩ። ለሰላሳ ዓመት የአክስቴን ሞት እንደ አንድ ቤት ኀዘን ቆጥሬው ነበር። ሳሏን ያልሰማነው ክፉ ስለሆንን አልነበረም፤ ዝምታዋን ስለለመድነው፣ ስትተኛ «አመሏ ነው» ስላልን ነው። ለካ በብዙ ቤት የሆነ ነገር ነው።

ምላሹ ከየት መጣ? ቀስ በቀስ ከታች መጣ። በ1987 በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ ተመራቂዎቹም በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን ከፈቱ። በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ፣ የአእምሮ ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአገር ውስጥ ተጀመረ። በ2012 ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ። ዋና ሐሳቡ ሕክምናውን ከአንድ ሆስፒታል አውጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ነበር።

ይህ ሐሳብ በተግባር ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ ያን ጊዜ በጉራጌ ዞን ሥር የነበረው የሶዶ ወረዳ ነው። ፕራይም በተባለው፣ ከኢትዮጵያ ጋር ሕንድን፣ ኔፓልን፣ ደቡብ አፍሪካንና ዩጋንዳን ባካተተው ፕሮግራም፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ከባድ የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ሠለጠኑ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ሌሎች የአካባቢው ሰዎች ደግሞ ታማሚዎችን ለይተው እንዲልኩ ተደረገ። የዚህን ቅደም ተከተል ትርጉም ልብ በሉ። ጎረቤት እንዲጠቁም ሲጠየቅ፣ የተጠቆመው ሰው የሚሄድበት ቦታ በእግር መንገድ ርቀት ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። በሻርሎት ሃንሎንና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ የተመራው ክትትል እንዳሳየው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የታማሚዎቹ ምልክት ቀነሰ፤ ታስረው የሚውሉት ሰዎች ድርሻም በሚታይ መጠን ቀነሰ። ቤተሰብን «ማሰር ነውር ነው» ብሎ የገሠጸ ሳይኖር፣ ሌላ መንገድ ሲያገኝ ገመዱን ፈታ።

ስኬቱን ማጋነን አልፈልግም። የመድኃኒት መቋረጥ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ፣ ሕመሙ ሲሻለው ወደ እርሻው የሚመለስበት በሬ የሌለው ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ያልተፈቱ ናቸው። ረሃብተኛ ሰው የሳይኮሲስ መድኃኒት ሲውጥ የሚሰማው የረሃብ ብርታት ብቻውን መድኃኒቱን ሊያስጥለው ይችላል።

፯. ምን እንማራለን?

ለማጠቃለል ያህል ሦስት ነገሮችን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ማኅበረሰብን ስናስተምር ከሚያውቀው እንነሣ። የሚሮጠውንና የሚጮኸውን ሰው እንዲለይ ማስተማር አያስፈልግም፤ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ሥልጠናችን ማተኮር ያለበት ከማይታዩት ላይ ነው፤ ሥራዋን ባቆመችው፣ መብላት በተወው፣ ትምህርቱን ጥሎ ክፍሉን በዘጋው ተማሪ ላይ። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ከዚህ አዳራሽ ሩቅ አይደለም፤ በመኝታ ክፍሎቻችሁ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ መለየትና መርዳት አይነጣጠሉ። ሕክምናው ባልደረሰበት ቦታ «ጠቁሙ» ማለት ቤተሰቡን ለመገለል አጋልጦ መተው ነው። የጠበል ቦታዎችንና ሼሆችን በሚመለከትም ፍቅሬ ወርቅነህና ጊል ያነሡትን ጥያቄ በመከባበር ልናነሣ ይገባል። ቤተሰብ ጸሎትንና መድኃኒትን እንዲያማርጥ ማስገደድ፣ በአብዛኛው መድኃኒቱን እንዲተው መገፋፋት ነው።

ሦስተኛ፣ ለእኛ ለታሪክ ሰዎች። የሕሙማኑ ድምፅ በመዛግብታችን ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሕጉ ስለ እነርሱ ይናገራል፤ ቁጥሮቹ ይቆጥሯቸዋል፤ ዘመዶቻቸው ይመሰክሩባቸዋል። በቡታጅራና በሶዶ ታመው የተሻላቸው፣ ዛሬ አርሰው የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ከእነርሱ መካከል ፈቃደኛ የሆኑትን ታሪክ ጊዜው ሳያልፍ የሚጽፍ ተማሪ ከዚህ ክፍል እንዲወጣ እመኛለሁ።

የቀበሌያችን ጎልማሳ፣ ያ በጠፍር ይታሰር የነበረው፣ ወንድሞቹ በኋላ ላይ በወረዳው ከተማ መድኃኒት አስጀምረውት ነበር። ባለፈው ዓመት ለልቅሶ ስሄድ ከድንኳኑ ሥር ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ጸጉሩ ሸብቷል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝና ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ያቺ ከጓዳ የነበረችው አክስትህ ምን ሆነች? እርሷም እኮ ታማ ነበር» አለኝ። ከቀበሌው ሰው ሁሉ ይህን ቃል የነገረኝ እርሱ ብቻ ነው።